ነፋስ የሌለው ሙቀት

ሰብስቤ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ዕቃ ከዚህ አንስቼ እዚያ አስቀምጣለሁ» ይላል። ከከተማው ዳር ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የሌሊት ሺፍት ነው፤ ሰው እራት ሲበላ ይወጣል፣ ሰው ቁርስ ሲበላ ይገባል። ከዚያ በፊት ዳውንታውን፣ በአንድ ባለ ፎቅ ፓርኪንግ ጋራዥ መግቢያ ላይ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ለብዙ ዓመታት ቲኬት ተቀብሏል። እግሩ ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረችው። ጉልበቱን ትለበልባለች፣ ጀርባውን ትረሳዋለች። ከሱዳን በስደተኝነት ሲመጣ ብርድ የሚባል አያውቅም ነበር፤ ከብርድ ጋር የተዋወቀው እዚያ ዳስ ውስጥ ነው።

የእሱና የሚስቱ ቤት ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ነው፤ ከእኔ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። አሮጌ የጡብ ቤት ነው። ምድር ቤት የተቀመጠ ቦይለር በጋዝ ውሃ ያሞቅ ነበር፤ ውሃው በቧንቧ እየዞረ በየመስኮቱ ሥር ያሉትን ከባድ የብረት ራዲያተሮች ያግላቸዋል። ድምፅ የለውም፣ ነፋስ የለውም፤ ሙቀቱ እንደ ጥሩ ሰው ዝም ብሎ አጠገብህ ይቀመጣል። ሚስቱ መዓዛ ቤቱን የመረጠችው በዚህ ነው። ሊያዩት የመጡ ዕለት ኤጀንቱ ስለ ጣሪያውና ስለ ወጥ ቤቱ ሲያወራ፣ እሷ መኝታ ቤት ገብታ ጀርባዋን ራዲያተሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። «እናንተ ጨርሱ፤ እኔ ከዚህ አልነሳም» አለች።

መዓዛ ነፋስ ትፈራለች። ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ብርዱን ሁሉም ይችለዋል፣ የሚመታው ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል በመከፈቱ ስንት ጠብ አይተናል! እሷ ግን ከሁላችንም ትብሳለች። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት እንኳ ኤሲ ያለበት ቤት ስትገባ አንገቷን በነጠላ ትጠቀልላለች።

በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ኮቪድ ያዛትና ሆስፒታል ገባች። ጠያቂ አይገባም ነበር። ሰብስቤ ከሥራ ሲወጣ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው ጋራዥ እየሄደ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሆስፒታሉን እያየ እንቅልፍ እስኪጥለው ይቀመጣል። የትኛው መስኮት የእሷ እንደሆነ አያውቅም። አንዱን መረጠ፤ በየቀኑ እሱን ያያል።

ከፈረንጅ ገና በኋላ ወደ ቤት ተመለሰች። ሳንባዋ ገና ደካማ ስለሆነ ብርድ እንዳያገኛት ሐኪሞቹ አጥብቀው ተናገሩ። ብዙም ሳትቆይ ቦይለሩ ሞተ።

የሰፈራችን ሰው ማሞቂያ ሲበላሽበት የሚደውለው ለያደታ ነው። መጥቶ ቦይለሩን ከፈተና በባትሪ ውስጡን አየ። «ጋሼ ሰብስቤ፣ ይኼ ተሰንጥቋል። መልሼ ባበራው ጭሱ ይጨርሳችኋል።» አዲስ ቦይለር ማዘዝ ይቻላል፤ ግን በዚያ ሰሞን ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ሂት ፓምፕ ግን እጁ ላይ ነበረው፤ ውጭ የሚቀመጥ አንድ ሳጥን፣ ሳሎንና መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ፣ በአንድ ሪሞት የሚታዘዙ ሁለት ነጫጭ ማሽኖች።

«ዳድ፣ ዩ ሃቭ ቱ ጌት ዘ ሂት ፓምፕ» አለች ሲንሲናቲ የምትማረው ልጃቸው ሮሃ በስልክ።

«በአማርኛ ንገሪኝ፤ ደክሞኛል።»

«ኦኬ። ሂት ፓምፑን ውሰድ። ቦይለር ምርጡ እንኳ ከመቶ እጅ ጋዝ ዘጠና አምስቱን ነው ሙቀት የሚያደርገው፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀት ሜክ አያደርግም፣ ሙቭ ነው የሚያደርገው። ውጭ ካለው አየር ሰብስቦ ያስገባል። ለአንድ ኤሌክትሪክ ሦስት ሙቀት።»

«በዚህ በረዶ?»

«በጣም ሲበርድ ወደ ሁለት ይወርዳል። ስቲል ይሻላል።»

ሰብስቤ ትንሽ አሰበ። «እንደ እኔ ነዋ! አያመርትም፣ ያመላልሳል።»

«ኤግዛክትሊ!»

«እንግዲያው ይደክመዋል» አለና እሺ አለ።

ማሽኑ ተገጠመ። መጋዘን ውስጥ ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ሳቁበት። «ከበረዶ ሙቀት? ከድንጋይ ወተት አልብልሃለሁ ያለህስ የለም?» አለው አንዱ። እሱ ግን ቀን ቤት ሲውል ቤቱ እንደሚሞቅ በዓይኑ አይቷል። ግራ ያጋባው ጠዋቱ ነው። ከሥራ ሲገባ ማሽኑ እየነፋ ያገኘዋል፤ ግድግዳው ግን እንደ ቆርቆሮ ቀዝቅዟል። መዓዛ ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ታስላለች።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና ነኝ። ሂድ ተኛ አንተ።»

ሳሉ በየቀኑ ወደ ደረቷ እየወረደ ነበር። ሰብስቤ ተኝቶም የሚሰማው እሱን ነው። ሳሉ ከበረታ ሆስፒታል መመለሷ ነው፤ እሱም እንደገና ወደ ጋራዡ ጣሪያ፣ ወደዚያ መስኮት። ለያደታ ኮል አደረገ። «ማሽንህ ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይተኛል። የእኔ ግልባጭ ነው።»

ያደታ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር እኔ ከአጥሩ ወዲህ ደጄን እጠርግ ነበር። ሳጥኑን ይከፍተዋል ብዬ ስጠብቅ፣ መሣሪያውን ሳያወጣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝ።»

«ምኑን?»

«በረዶውን። ይኼ ሳጥን ሲሠራ ወደ ፊት ነው የሚተነፍሰው። ሌሊቱን ሠርቶ ቢሆን እዚህ ጋ ተቦርቡሮ ነበር የምናገኘው። እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነው እኮ! ትንሽ ጫር ጫር ያደረገው አሁን ነው።»

«ተበላሽቷላ!»

«የተበላሸ ማሽን እርስዎ ሊገቡ ሲሉ ጠብቆ አይነሳም።»

ተያይዘው ገቡ። ያደታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «እትዬ መዓዛ፣ እግዜር ይማርዎት። ሪሞቱን የት ነው ያስቀመጡት?» አለ።

መዓዛ አንዴ ባሏን አየችና ከትራሷ ሥር አወጣችው።

«አንቺ ነሽ?» አለ ሰብስቤ።

«ነፋስ እየነፋብኝ እንዴት ልተኛ?»

«ለብ ያለ እኮ ነው!»

«ለብ ያለው ነው የባሰው።»

ያደታ ሳቀ። «እናቴም እንደዚሁ ናት። ኤሲ ብገጥምላት ፎጣ ወትፋበት አገኘኋት።»

መዓዛ አልሳቀችም። «እዚያ ተኝቼ ሳለሁ» አለች፣ «አፍንጫዬ ላይ ቱቦ አድርገው ሌት ተቀን ይነፉብኝ ነበር። እንዲህ ለብ ያለ፣ እንዲህ ሹ የሚል። ከመጋረጃው ማዶ የነበረችው ሴትዮ ላይም ይነፋ ነበር። አንድ ቀን የእሷ ዝም አለ። ይኼኛውም በመሐል በመሐል ዝም ይላል። ሲነሳ እዚያው ነኝ፤ ሲቆም ደግሞ ተራዬ የደረሰ ይመስለኛል። አጥፍቼው ብርዱን ብችል ይሻለኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እንቅልፍ የለህም። ሮሃ ደስ ብሏታል። ግድግዳ ላይ ያለ ማሽን ፈራሁ ልበላችሁ?»

ያደታ ፊቱ ቀላ፤ በሳቁ አፍሮ ነበር። ከዚያ ማሽኑን ወደ ኮሪደሩ ሊያዛውረው እንደሚችል ተናገረ። በሩ ክፍት ከተተወ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ራሱ ይገባል፣ ነፋሱ ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ግን የበለጠ ይለፋል።

ይህን ሮሃ በስልክ ስትሰማ «ባት ዳድ፣ ኢፊሸንሲው ይወርዳል» አለች።

«ይውረድ ሮሃዬ። ሦስት የሚያመጣው ሁለት ያምጣ። ጠፍቶ የሚያድር ማሽን ስንት ነው የሚያመጣው?»

እናቷ ያለችውን ነገራት። ስልኩን ለእናቷ እንዲሰጣት ጠይቃ «ሶሪ፣ ማሚ» አለቻት።

ያደታ ዕቃውን ይዞ የሚመለሰው ማክሰኞ ነበር። እስከዚያ ግን ቤቱ መሞቅ አለበት። የሆነውን በኋላ የነገረኝ ሰብስቤ ራሱ ነው፤ በረዶ መጥረጊያዬን ሊዋስ መጥቶ፣ አጥሩን ተደግፎ።

ያደታ እንደሄደ አልጋውን ገፍቶ ከሞተው ራዲያተር አጠገብ አደረሰው። እሷን በብረቱ በኩል አድርጎ፣ እሱ ከነሥራ ልብሱ በነፋሱ በኩል ጋደም አለና ሪሞቱን ተጫነ። ነፋሱ ፊቱ ላይ መጣ።

«እንዲህ ነበር?» አላት።

«ያኛው ይበረታል። ግን እንዲህ ነው።»

ጋራዡ ጣሪያ ላይ ሆኖ ያንን መስኮት ሲያይ ከመስታወቱ ጀርባ ብዙ ነገር ገምቶ ነበር፤ ሐኪም፣ መርፌ፣ ስሙን የማያውቀው ማሽን። ነፋስ ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም።

ማሽኑ ድንገት ዝም አለ። መዓዛ ትንፋሿን ያዘች።

«ውጭ ሳጥኑ ላይ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው። ያደታ ነግሮኛል፤ ይመለሳል።»

ጠበቁ። ብዙ የቆየ መሰላቸው። ከዚያ ሹ ብሎ ተነሳ፤ እሷም ተነፈሰች።

በልማድ ጀርባዋን ወደ ራዲያተሩ ሰደደች፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበርና ሳበችው። ዞረችና ጀርባዋን በጀርባው ላይ አስደገፈች።

«እስከ ማክሰኞ ራዲያተሩ አንተ ትሆናለህ» አለችው።

«መልስ ልሰጣት ነበር» አለኝ ሰብስቤ፤ «ግን እንቅልፍ ቀደመኝ።»