ጭንቅላቴ ሹራብ ውስጥ የቀረ ዕለት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሹራቤን ላወልቅ ስል ጭንቅላቴ ውስጡ ቀረ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ አልነሳም አለ፤ ግራው ደግሞ ብቻውን አልቻለም።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭቃው አዳልጦኝ በትከሻዬ ወድቄ ነበር። ጤና ጣቢያ "አልተሰበረም፣ አልወለቀም። ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢበት፣ ይህን ቅባት ተቀቢ፣ አሳርፊው" አሉኝ። (ሮብ ገበያ በምትባል በዚህች ትንሽ ከተማ በረዶ ፍለጋ አይኬድም፤ የጀሪካኑ ውሃ ይበቃል።)

እንግዲህ ቅባቱን ልቀባ ብዬ ነው የታሰርኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ማንን ልጥራ ብዬ ሳስብ አንድም ስም አልመጣልኝም። እዚህ ለማስተማር ከመጣሁ ዓመት አልፎኛል። እዚያው ሹራቡ ውስጥ አለቀስኩ።

አከራዬ እትዬ የሻረግ ድምፄን ሰምተው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው ሴት ናቸው። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

"ምነው ልጄ፣ አትጠሪኝም?"

"እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው።"

ቀስ አድርገው አወለቁልኝ፤ ትከሻዬንም አሹልኝ። ሲጨርሱ ግን አልወጡም። ቅባቱን እያገላበጡ ቆዩና "ይሄ ነገር ለጀርባም ይሆናል?" አሉኝ።

"ይሆናል።"

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። "ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሚያሽልኝ የለም። የእኔ እጅ አይደርስበትም።"

በደህናው እጄ አሸኋቸው።

እናንተስ? ብቻችሁን ስትኖሩ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ሲያማችሁ ማን ደረሰላችሁ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ የሰው ድምፅ ናፍቆኛል።