ያልተፈታው የዓምደ ሚካኤል ጾም

ከጣና ብዙ በማይርቀው ፋሲሎ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ አምስት ጎልማሶች አብረው ይኖራሉ። የአእምሮ እድገታቸው ውስን ነው ተብሎ ቤተሰብ ያልቻላቸው፣ ወይም ችሎ ችሎ የሰለቻቸው ናቸው። ሰሚሐ አንዷ ናት፤ ዓምደ ሚካኤልም አንዱ ነው። ዕድሜው አርባ ሁለት፣ ሥራው ግቢ መጥረግ። ጠርጎ ሲጨርስ አንዲት ቅጠል ከወደቀች እንደገና ከበሩ ይጀምራል።

ቀን መቁጠር አይሆንለትም። ወቅት የሚለየው በሳህኑ ነው፤ ሽሮ ሽሮ ሲከታተል ጾም ነው፣ እንቁላል ሲቀርብ ጾሙ አለቀ። «እቴ» የሚላት እህቱ እናትዓለም ሁዳዴ ሲገባ ከጣና ማዶ ከቁንዝላ መጥታ ጠይቃው ነበር። ልትሄድ ስትነሳ እጇን አልለቅ አላት።

«ጾሙ ሲፈታ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለችው።

ሰው ለመለያየት ሲቸኩል ያልሆነውን ሁሉ ይናገራል። እሱ ግን የተባለውን ይይዛል።

አንድ ጠዋት ከወጥ ቤት እንቁላል ሸተተው። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ። የቤቱ ኃላፊ እትዬ ወለተ ሩፋኤል ክንዱን ይዘው መለሱት።

«የሰሚሐ ነው፤ እሷ እስላም ናት፣ ይኼ ጾም አይመለከታትም። ያንተ ገና ነው» አሉት።

ልብሱን አጣጥፎ አስቀመጠ።

ፋሲካ መጣ። ዶሮው ቀረበ፣ እንቁላሉም ቀረበ፣ እናትዓለም ግን የለችም። ዓምደ ሚካኤል ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሽሮ ጠየቀ። የቁንዝላ ጀልባ በሚገባበት ቀን እትዬ ወደ ጣና ዳር ወሰዱት። የወራጁን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ አየ። ጀልባው ባዶ ሆኖ እንኳ አልሄድም አለ።

ማታውን እትዬ ደወሉ። «ቤቱ ጠባብ ነው፤ ባሌም አልወደደውም። አልመጣም፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለች እናትዓለም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሌሎቹ ሥጋ ሲበሉ ዓምደ ሚካኤል ማዕዱ ጥግ ላይ ብቻውን ሽሮውን ይበላል። አንድ ቀን እትዬ ሊነግሩት ቆርጠው፣ የተቀቀለ እንቁላል ልጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ጾሙ እኮ ከተፈታ ቆየ፣ ዓምዴ። ብላ።»

እንቁላሉን እያየ ምራቁን ዋጠ። ከምግብ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው።

«አልበላም እትዬ።»

«ምነው?»

«ከበላሁማ እቴ ቀረች ማለት ነው።»

እትዬ ተነስተው ትንሿን ድስት ጣዱ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ።