በሽምግልና የተዘረጋው ኬብል

የተማርኩት ምልክት በሽቦ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። በዚህ ጉዳይ እስከ ዶክትሬት ደርሻለሁ። በተወለድኩበት በሐይቅ ከተማ ግን ማዕረጉ ያተረፈልኝ ነገር ቢኖር ቴሌቪዥን የተበላሸበት ሰው ሁሉ ዘመዴ መሆኑን ማስታወሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከአረብ አገር ሲመለስ በሐይቁ ዳር ለሰርግ የሚከራይ የአትክልት ስፍራ አቋቋመ። በሾፌርነት ያጠራቀመው ሁሉ እዚያ መሬት ላይ ፈሰሰ። የቀድሞ አሠሪዎቹ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ቁርጡን እንዲነግራቸው ይጠብቁ ነበር። ሚስቱ ደግሞ አሳቡን ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ደምድማዋለች፤ «ሥራው ካማረ ትቀመጣለህ፤ ካላማረ ልጆችህን በስልክ ታሳድጋለህ።»

በዛፎቹና በአጥሩ ላይ ቀለማቸውን በኅብረት የሚቀያይሩ መብራቶች ሊሰቀሉ ታሰበ። እኔ የጠየቅሁት ብዙ አልነበረም። ኮረንቲው በራሱ ገመድ ይሂድ፤ መብራቶቹን የሚያዘው ምልክት ግን ለብቻው፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎቹ እርስ በርስ በተጠማዘዙበትና ቀጭን የብረት መረብ በለበሰ ኬብል ይሂድ። የውጭ ልባሱን ፀሐይ የማይሰነጥቀው፣ መጋጠሚያዎቹም የጎማ ቀለበት ያላቸውና ውሃ የማያስገቡ ይሁኑ። ለስፍራው በሙሉ የሚበቃ ጥቅልም ከነመጋጠሚያው አስመጣሁ።

ወንድሜ ከውጫሌ ያመጣው ኤሌክትሪሺያን ጥቅሉን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ዶክተርዬ፣ ይቺ እኮ የጆሮ ማዳመጫ ክር ናት። ይኼን ሁሉ መብራት እንዴት ትችለዋለች?»

«መብራት አትሸከምም። ትእዛዝ ነው የምትሸከመው።»

«ትእዛዝማ ወፈር ሲል ነው የሚከበር!»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። መጋጠሚያውን በምን ከዝናብ እንደሚጠብቅ ስጠይቀው ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣ፤ በላዩ ላይ ፌስታል እንደሚጠቀልልበትም አከለ። «ውሃ ፌስታል አይበሳም» አለኝ። ውሃ መግቢያ እንጂ መብሻ እንደማያስፈልገው ነገርኩት። «ተሰደብኩ» ብሎ ፒንሳውን ይዞ ሄደ።

በሌላ አገር ይህ የሙያ ልዩነት ይባላል፤ የሚፈታውም በመለኪያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጠብ ነው፤ ጠብ ደግሞ ሽማግሌ አያጣም። በማግስቱ ሸኹና ቄሱ ጎን ለጎን ሆነው መጡ። በዙሪያው የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካካደ የወሰን ተጋሪ ሁሉ በእነርሱ እጅ አልፏል። ኬብል ግን አዲሳቸው ነበር። ይህም አላስጨነቃቸውም።

መለኪያዬን አውጥቼ ልዩነቱን ላሳያቸው ጀመርኩ። ቄሱ በትሕትና እጃቸውን አነሱ። «አስቀምጪው ልጄ። እኛ ሰው ነው የምንለካው።»

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ከበሩ መሐል ግቢው ላይ እስካለው ትልቅ ዋርካ የእኔ ኬብል ይዘርጋ፤ ከዋርካው ወዲያ የኤሌክትሪሺያኑ ወፍራም ገመድ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በፌስታል ይጠቅለል፤ እሱም ኤሌክትሪሺያኑ ስለ ተሰደበ ካሳ መሆኑ ነው።

«ምልክት ግማሽ ብሎ ነገር አያውቅም» አልኩ።

«ኧረ ተይ!» አሉ ሸኹ። «በግማሽ የማይታረቅ ነገር አላህ አልፈጠረም።»

ወንድሜ ክንዴን ያዘ። «እትዬ፣ በአላህ! ሽማግሌ ባሳፈረ ሰው ግቢ ማን ሰርጉን ይደግሳል?» በዚያ ቀን ከተሰነዘሩት አሳቦች ሁሉ በትክክል የተሰላው ይህ ብቻ ስለነበር እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ሰርግ ዕለት ጠዋት የበልግ ዝናብ ጣለ። አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲለቀቅ ከዋርካው ወዲህ ያለው ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከወይን ጠጅ ወደ ብርቱካን በእርጋታ ተሸጋገረ። ከዋርካው ወዲያ ያለው ግን ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይንቀጠቀጣል። ከወዲህ የተቀመጡት የሙሽራው ወገኖች ነበሩ፤ ከወዲያ የሙሽሪት።

የሙሽሪት አጎት ከወንበራቸው ተነሡ። «ለእነሱ ቀስተ ደመና፣ ለኛ መብረቅ! ልጅ የሰጠነው እኛ አይደለንም እንዴ?»

ሸኹና ቄሱ ምግባቸውን አቋርጠው መከሩ። ያገኙት መፍትሔ ከፊተኛው ጋር ፍጹም የተስማማ ነበር፤ እንግዶቹ በግብዣው አጋማሽ ቦታ ይለዋወጡ። ሁለቱ ወገኖች ሳሕናቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ተላለፉ። «ይኼ ሰርግ ነው ሰፈራ?» አለች አንዲት ሴትዮ፣ ወጡ በነጠላዋ ላይ እየፈሰሰ። ወንድሜ የውሃ ጆግ ታቅፎ መሐል ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ቀጥሎ ሰርጋቸውን ሊደግሱ ያሰቡ ሰዎች ግቢውን ለማየት መጡ፤ የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «የኛ ወገን በየት በኩል ይቀመጣል?» «እናስብበት» ብለው ሄዱ። ያን ዕለት ወንድሜ ለአሠሪዎቹ የሚጽፈውን በስልኩ ላይ ሲጽፍና ሲያጠፋ አየሁት።

«ሽማግሌዎቹን ተሳስታችኋል በላቸው» አልኩት።

«ከዚያስ አረብ አገር መሄድ ይቀለኛል።»

እውነቱን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሰው ሁሉ፣ ሸኹም ቄሱም ኤሌክትሪሺያኑም ጭምር፣ ለቅሶ ለመድረስ ወጣ። እኔና ወንድሜ ቀረን፤ ለቅሶ አለመድረስ እዚህ ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ያውቀዋል። በዕቃ ቤት የተረሳውን የእኔን ኬብል ግማሽ ጥቅል አውጥተን ከዋርካው እስከ መጨረሻው መብራት ዘረጋነው፤ መጋጠሚያዎቹን ከነጎማቸው አጥብቄ አሰርኩ። ፌስታሉን ስፈታው ያጠራቀመውን ውሃ በእጄ ላይ ደፋው። የኤሌክትሪሺያኑን ገመድ ግን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለን በቦታው ተውነው። ምንም የማያደርስ፣ ማንንም የማያስከፋ ሆኖ ዛፎቹ ላይ በክብር ተንጠልጥሎ ቀረ።

እናስብበት ያሉትም ሰዎች መብራቱን ደግመው አይተው እዚያው ደገሱ። ዝናቡ አልቀረም፤ መብራቶቹ ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ሆነው ቀለማቸውን ቀየሩ። የሙሽሪት ወገን የት እንደተቀመጠ የጠየቀ የለም። ወንድሜ በዚያው ጠዋት ለአሠሪዎቹ «አልመጣም» ብሎ ልኳል።

ሸኹ ጢማቸውን እየዳሰሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ ልጄ? እርቅ ውሎ አድሮ ነው የሚያምር።»

«መጀመሪያ ተኳርፈው ነበር» አሉ ቄሱ። «አሁን ገመዶቹም ተላመዱ።»

«ናስትሮው እስኪደርቅ ነበር እኮ!» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ በሙያተኛ ኩራት።

ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው ያስታረቁት ሁሉ የጸና እንዲሆን ዱዓ አደረጉ። ግቢው «አሚን» አለ፤ ወንድሜ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

«አሚን» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።