የክርስትና አባቱ ገደል አፋፍ ላይ

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ክረምት፣ የበኩር ልጄ ክርስትና በሚነሳበት ጠዋት ነው። ልጄ አሁን ዳዴ ይላል፤ ቤት ውስጥ ያልገለበጠው ዕቃ የለም። እሱን ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል። ለሰው አውርቼው አልወጣልኝም፤ ስለዚህ ጽፌ ልገላገለው።

እኔ የሂርና ልጅ ነኝ። ባሌ ታደሰ የጎጃም ሰው ነው፤ ለሥራ ጭሮ ተመድቦ ሲመጣ ተዋወቅን፣ አሁንም የምንኖረው ጭሮ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፣ እኔም እስከዚያ ከቤት ንቅንቅ አላልኩም። ልጄ እኔ በተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያው ሂርና ይጠመቅልኝ ብዬ ስለለመንኩ እናቴ ደግሳ ትጠብቀን ነበር።

የክርስትና አባት እንዲሆኑ የታሰቡት የታደሰ አለቃ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጾም አይገድፉም፣ ለቤተ ክርስቲያን እጃቸው አይታጠፍም። ግን ሲሰጡ ሰው ካላየላቸው የሰጡ አይመስላቸውም። ሰላም ስትሏቸው የጣታቸውን ጫፍ ነው የሚያቀብሏችሁ። ሰንበቴ ላይ የሳቸውን ቦታ ለያዘ ሰው ወዮለት! «የኔ ክርስትና ልጅ መሆን ለልጅህ ትልቅ ዕድል ነው» ብለው ታደሰን ሲነግሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አራስ ባልሆን መልሱን ያገኙት ነበር።

ጎህ ሲቀድ በፒክአፓቸው መጡ። ከፊት ወንበር ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጡት ትልቅ ጃንጥላ ተጋድሟል፤ ዳሩ ላይ ስማቸው በወርቃማ ክር ተጠልፏል። እንዳይጨማደድ ብለው እኔንና ታደሰን ከነልጁ ከኋላ ወንበር አስቀመጡን። ጃንጥላ ከፊት፣ አራስ ከኋላ! ምን ልበላችሁ፣ ልጄን ታቅፌ ገባሁ።

ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ ነበር ያደረው። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የጭሮና የሂርና መንገድ ደግሞ በደህና ቀን እንኳ የሚያስፈራ ነው፤ መታጠፊያው ብዙ፣ ገደሉ ጥልቅ። ጋሽ ሙሉጌታ ይከንፋሉ። ታደሰ ፈራ ተባ እያለ፣ «ጋሼ፣ ጊዜ አለን፣ ቀስ ብንል» አላቸው።

«አይዞህ፣ ቄሶቹ እኔ ሳልደርስ አይጀምሩም» አሉ።

ግማሽ መንገድ ያህል ከሄድን በኋላ አስፋልቱ ላይ ቅጠል ተበትኖ አየን። መንገድ ላይ ቅጠል ከተደረገ ከፊት አደጋ አለ ማለት እንደሆነ ማንም ሾፌር ያውቃል። ጣጣው ግን የኛ አገር ጫት አገር መሆኑ ነው። ጫት የጫነው መኪና እያራገፈ ያልፋል፣ የሚቅመውም ሰው የማይፈልገውን ቅጠል፣ ገራባውን፣ በመስኮት ይወረውራል። አስፋልቱ ቅጠል አጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምልክት መሰለኝ» አለ ታደሰ።

«ገራባ ነው ባክህ!» ብለው ረግጠውት አለፉ።

ወዲያው አንድ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ መሀል አስፋልት ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ በኦሮምኛ ቁሙ፣ ቁሙ እያሉ ይጮሃሉ። ጋሽ ሙሉጌታ ጡሩምባቸውን ለቀቁባቸው። ሽማግሌው ዘለው ዳር ባይወጡ ኖሮ ገጭተናቸው ነበር።

«በዚህ ጭቃው እኔ መኪና ላይ ሊወጣ! ክርስትና እየሄድኩ ገበሬ ስጭን ልዋል?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

ዞር ብዬ በኋላ መስታወት ሳይ ሽማግሌው እየሮጡ ይከተሉናል። መኪና ለምኖ የተከለከለ ሰው እንዲህ አይሮጥም። ልናገር አፌን ስከፍት መታጠፊያው ላይ ደረስን።

መንገድ የለም። የአስፋልቱን ግማሽ ጎርፍ ይዞት ወርዷል።

ጋሽ ሙሉጌታ ፍሬን ሲይዙ መኪናው በጭቃው ተንሸራተተ። ከዚያ ሆዱ አስፋልቱን ሲመታው ሰማሁና ቆምን። በፊት መስታወት የሚታየኝ ጉም ብቻ ነው። የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ናቸው። «ወላዲተ አምላክ፣ ልጄን! ልጄን!» እላለሁ፣ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ታደሰ በሩን ሊከፍት ጠጋ ሲል መኪናው ወደ ፊት አጎነበሰ። ታደሰ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ያኔ ገባኝ፤ መኪናውን የያዘው የእኛ ከኋላ መቀመጥ ነው። ብንወርድ ጋሽ ሙሉጌታን ይዞ ይወርዳል። ብንቀመጥ ደግሞ አንድ ነገር ከከዳው ልጄም እኛም አብረን መሄዳችን ነው። ልጄ ምንም አያውቅ፣ ጡት ፈልጎ አፉን ያንቀሳቅሳል።

ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱ። «አትነቃነቁ! ማንም እንዳይወርድ!» አሉን። ከዚያ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳውም። ከኋላ፣ ዕቃ የሚጫንበት ላይ ወጥተው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። መኪናው ቢሄድ አብረው ነው የሚሄዱት። እዚያው ሆነው ማሳ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በኦሮምኛ ተጣሩ። ጫት ሊለቅሙ የወጡ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ተራ በተራ ወጡ፣ ተጠጋግተውም ተቀመጡ። መኪናው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ይሄኔ ሽማግሌው ወርደው በመስኮቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጁን ስጪኝ፣ ልጄ።»

እጃቸው ጭቃ ብቻ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ጎረቤት እንኳ እንዳያቅፈው ስሳሳለት የከረምኩትን ልጅ ለማላውቀው ሰው በመስኮት አቀበልኩ። «ቢስሚላሂ» ብለው ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ቀጥሎ እኔ ወረድኩ። ከዚያ ታደሰ ሲወርድ መኪናው ተንቀጠቀጠና ከኋላ የተቀመጡት «ያ አላህ!» አሉ። ግን አንድም ሰው አልዘለለም።

ጋሽ ሙሉጌታ ብቻቸውን ቀሩ። በሳቸው በር በኩል መርገጫ የለም፤ በወንበሮቹ መሀል በደረታቸው ተስበው ወደ ኋላ መምጣት አለባቸው። መሪውን ጨምድደው ይዘው፣ «አልችልም፣ እኔ አልችልም» ይላሉ። ያን ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ልጄን መለሱልኝና በኋላው በር ገብተው እጃቸውን ሰደዱላቸው። «ና ወንድሜ። ታች አትይ። እኔን እይ።»

እውነቱን ልናገር? ልጄ እቅፌ ውስጥ ከገባ በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝና ንዴት በንዴት ሆንኩ። የእጃቸውን ነው ያገኙት፣ እግዜር ፈረደባቸው እል ነበር በልቤ።

መጡ። ጃንጥላውን በሆዳቸው እየቀደዱ፣ ሱፋቸው ከወንበር ጋር እየተያያዘ፣ ስንዝር በስንዝር ተሳቡ። በመጨረሻ ሽማግሌው ስበው ይዘዋቸው ወጡና ጭቃው ላይ በፊታቸው ወደቁ። ሰዎቹ አንድ ላይ ሲዘሉ መኪናው ወዲያውኑ ገደል ገባ። ታች ሲከሰከስ በጉሙ ውስጥ ድምፁን ሰማን።

ጋሽ ሙሉጌታ ከወደቁበት አልተነሱም። የሽማግሌውን እግር ያዙ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። አይቼዎት እኮ ነው ያለፍኩት» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሽማግሌው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ። «ተው! እንዲህ ለአላህ ነው የሚደረገው» ብለው በብብታቸው አነሷቸው። አባባ ኢብሮ ይባላሉ። ቅጠሉን የበተኑት እሳቸው ናቸው፤ መንገዱ ከተቆረጠ ጀምሮ መኪና ሲመልሱ ነበር።

እኔ ግን አልበረደልኝም። «እንዴት ይወጡበታል? ልንገድልዎት ነበር እኮ! ይዞዎት ቢሄድስ ኖሮ?» አልኳቸው።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። «ውስጡ ሰው አለ እኮ» አሉኝ።

በቀረችው የመንገድ ጠርዝ በእግራችን ተሻግረን፣ ከማዶ ቆሞ በነበረ ሚኒባስ ሂርና ገባን። ቄሶቹ ጸሎቱን ጀምረው ነበር፤ ማንንም አልጠበቁም። ጋሽ ሙሉጌታ መንገድ ላይ፣ «እኔ አልገባም፣ ለልጁ ሌላ ሰው ፈልጉለት» ብለውን ነበር። እኔም በልቤ ተስማምቻለሁ።

ቄሱ ልጄን ከውሃው አውጥተው፣ «የክርስትና አባቱ የታለ?» አሉ። ማንም አልወጣም። ታደሰ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ዞር ስል ጋሽ ሙሉጌታ በር ላይ፣ ከነዳያኑ መሀል አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጭቃው ፊታቸው ላይ ደርቋል። ልጄ ይንዘፈዘፋል። እንጃ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ይምጡ እንጂ! ልጅዎትን ይቀበሉት፣ በርዶታል» አልኩ።

መጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

አልዋሽም፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ የምበግንባቸው ቀን አለ። ልጁን ሊያዩ ሲመጡና መሬት ላይ ቁጭ ብለው አብረውት ሲጫወቱ ደግሞ ንዴቴ የት እንደሚገባ እንጃ። ድሮ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ሲሰበክ ስሰማ የሚታየኝ ትዕቢተኛ ገደል ሲገባ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። አሁን የሚታየኝ በደረቱ እየተሳበ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ በልቤ ፈርጄበት ጨርሼ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ገና እያወጣው ነበር።