ከእህቴ ጉንጭ የወሰዱት

እህቴን ከውበት ሳሎኑ ላመጣት በሄድኩ ቀን፣ ባለ ሳሎኗ መዳፌ ላይ ትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠችልኝ። ውስጡ ሁለት ቁራጭ ቢጫ ስብ ነበር፤ ዶሮ ሲበለት ተላጦ የሚጣለውን ዓይነት።

“ማስታወሻ ነው” አለችኝ ፈገግ ብላ። “ሁሉም ይዘውት ነው የሚሄዱት።”

ብልቃጡ ለብ ያለ ነበር። ያ ሙቀት የእህቴ ገላ ሙቀት መሆኑ ሲገባኝ ቋቅ አለኝ። መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ፣ አሁንም ደግሜ ጠረግኩ፣ ሙቀቱ ግን አለቀቀኝም።

እህቴ ታናሼ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጉንጫም ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጉንጯን ቆንጠጥ ሳያደርግ ሰላም አይላትም ነበር። እኔ የአባታችንን ቀጭን ፊት ወርሼ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እሷ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። ቤታችን ከከተማው ወደ ቱላ በሚያስወጣው መንገድ ነው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ ከእናታችን ጋር ሦስታችን እንኖራለን።

ነገሩ የጀመረው በስልኳ ነው። ካሜራው ፊትን የሚያቀጥን ማስተካከያ አለው፤ ያለ እሱ ፎቶ መነሳት ካቆመች ቆይታለች። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ያለ ማስተካከያው ያነሳቻትን ፎቶ አመጣችልኝ።

“ይሄ ፊት ነው ወይስ ትሪ?” አለችኝ።

“የአንቺ ፊት ነው፤ ደግሞ ያምራል።”

አላመነችኝም። ብዙም ሳይቆይ ጉንጯን ልታስቀንስ እንደሆነ ነገረችኝ። በአፍ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ከውጭ ጠባሳ የለውም፣ ሰው በምሳ ሰዓት ተሠርቶ ወደ ሥራው ይመለሳል አለች። ከአንድ ሰው በቃሏ የያዘችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

“ማነው የሚሠራው?”

“ዶክተር ነው። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።”

“የትኛው ሆስፒታል?”

ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ሳሎን ውስጥ ነው።”

“ፀጉር በሚታጠብበት ቤት ውስጥ አፍሽን ሊቀድዱት?”

“እታለም፣ አንቺ ቀጭን ነሽ። አይገባሽም” ብላኝ ወጣች። እናታችን እንዳትሰማ በሹክሹክታ ለቀናት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ “እሺ በቃ፣ ትቼዋለሁ” አለችኝ፤ እኔም እፎይ አልኩ። በተከታዩ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። አፏ ውስጥ ጥጥ የታጨቀ በሚመስል ድምፅ “ነይና ውሰጂኝ” አለችኝ።

ሳሎኑ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፊት ለፊት መስተዋትና ፀጉር ማድረቂያ የተደረደረበት ያማረ ቤት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ሌላ ነው። የፀጉር ቀለም፣ የቀለጠ ሰምና ደም ተደባልቆ ይሸታል። በቀለም የዛገ በሚመስለው የፀጉር ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደም የጠጣ ፋሻ ተጥሏል። ወለሉ ላይ የሰው ፀጉር አለ። ዶክተር የተባለው ወጣት፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ጓንቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሳምቡሳ ይበላል። ጣቶቹን ላሰና “ጎበዝ ናት፣ አላስቸገረችም” አለኝ። እህቴ ወንበሩ ላይ በረዶ ጉንጯ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። ባለ ሳሎኗ ደግሞ ስልኳን ወደኔ አስጠግታ፣ ስቡ ከእህቴ አፍ በመቆንጠጫ ሲሳብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተች። ከኋላው ሙዚቃ አስገብታበታለች።

“ልላክልሽ?” አለችኝ።

እህቴን በባጃጅ ይዤያት ሄድኩ።

ለእናታችን መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ነው ብለን ዋሸን። እናታችን አጥሚት እያፈላች፣ አፏን በጨው ውሃ እያስጉመጠመጠች አስታመመቻት። ፊቷ አብጦ ዓይኗን ሸፈነው። ከዚያ አፏ መሽተት ጀመረ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሽታው የሞተ ነገር ሽታ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛ ነበር፣ ሽታውን ሸሽቼ መዞሬን እንዳታውቅ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደኝ እመስላለሁ። በምላሷ ስፌቱን ስትነካው ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። እሷ ግን ትንሿን መስተዋት ከእጇ አታወርድም። “እብጠቱ ሲወርድ ታያለሽ” ትለኛለች።

እብጠቱ ወረደ። ቀኙ ጉንጯ ሙልጭ ብሎ ገባ። ግራው ግን ምግብ በቀመሰች ቁጥር እንደ ፊኛ ይነፋል፤ በልታ ስትጨርስ ይሟሽሻል። ስትስቅም የከንፈሯ ግራ ጫፍ አይከተላትም። “ዶክተሩ” ጋ ደወልን።

“ኖርማል ነው። እሽት እሽት አድርጊው” አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ እህቴ ወጥ የነካውን እንጀራ አፏ ስታደርግ በግራ ጉንጯ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ወርዶ ትሪው ጠርዝ ላይ ጠብ አለ። የምታለቅስ መሰለኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ውሃው የሚወጣው ከጉንጯ መካከል፣ የመርፌ ቀዳዳ ከምታክል ቀይ ነጥብ ነው። ባኘከች ቁጥር ጠብ ይላል። ምራቋ ነበር። ያነሳሁት ጉርሻ ከእጄ ወደቀ። እህቴ ፊቴን አየች፤ እሷን መጸየፌን አየች፤ ትሪውን ገፍታ ወደ መኝታ ክፍላችን ገባች።

እናታችን ተከትላት ገባች። አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻትና ጉንጯን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው።

“የጥርስ አይደለም” አለች። “ምን አድርገሽ ነው?”

እህቴ ሁሉንም ነገረቻት። እናታችን እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

“ይሄን ጉንጭ በጡቴ የሞላሁት እኔ ነኝ” አለች በመጨረሻ። “ከፍተው ሲወስዱት እንዴት እሺ አልሽ?” ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስትቆጣ እንጂ ስታለቅስ አይተናት አናውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ እህቴን ይዤ ወደ ሳሎኑ ሄድኩ። የፊት መሸፈኛ አድርጋለች። ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምትመስል፣ ክብ ፊት ያላት ልጅ ናት፤ ለተረኞች የሚታደለውን የአቮካዶ ጭማቂ ይዛ፣ በስልክ ከእናቷ ጋር በሲዳምኛ ታወራለች። ባለ ሳሎኗ እህቴን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም።

“ትኩስ ነገር በልተሽ ነው” አለቻት፣ እህቴ ገና መሸፈኛዋን ሳታወልቅ። “አትብዪ ብለናል። አይዞሽ፣ ጎድጎድ ካለብሽ ፊለር የሚባል መሙያ እንወጋሻለን፤ ሙልት ይላል።”

“ያወጣችሁትን መልሳችሁ ልትሞሉት?” አልኳት።

“ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ የኔ ቆንጆ።”

ያ “የኔ ቆንጆ” አንገሸገሸኝ። ለመናገር አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ። መሸፈኛዋን አወለቀች። ወደ ተማሪዋ ጠጋ ብላ “ይቅርታ” አለቻትና ከብርጭቆዋ ጠርዝ ላይ የተሰካውን የሎሚ ቁራጭ አንስታ ነከሰችው።

ግራ ጉንጯ በዓይናችን ፊት አበጠ። ከዚያ ምራቁ ከጉንጯ ቀዳዳ ወጥቶ በአገጯ፣ በአንገቷ፣ በደረቷ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም። ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዙራ ሎሚውን እያላመጠች ቆመች። አንዷ “ኧረ በማርያም!” ብላ ፊቷን ሸፈነች። ተማሪዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ስልኩ ውስጥ እናቷ እየጠራቻት፣ ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ወረደች።

“ወደ ውስጥ ግቢ! ሰው አታስደንግጪ!” ባለ ሳሎኗ እህቴን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። እጇን ከእህቴ ላይ አላቀቅኩ። ጩኸቱን ሰምቶ ወጣቱ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ስልኬን አውጥቼ ነበርና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

“ቪዲዮ አታንሺ! ክልክል ነው!”

“የት ነው ሕክምና የተማርከው?” አልኩት።

“ሥልጠና ወስጃለሁ።”

“የምን ሥልጠና?”

“የውበት” አለኝና ተመልሶ ገባ።

ከሁሉ ያቅለሸለሸኝ ግን እሱ አልነበረም። በሩ ላይ ስንደርስ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው በደንብ የለበሰች ሴት ባለ ሳሎኗን “የኔ ግን እንደሷ አይሆንም አይደል?” ስትላት ሰማሁ። ባለ ሳሎኗም “አንቺማ ቆዳሽ ሌላ ነው” አለቻት። ሴትዮዋ ተራዋን መጠበቅ ቀጠለች።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባን። ቀዶ ሐኪሙ ሸበት ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የእህቴን አፍ በባትሪ ሲያዩ ቆዩና ጓንታቸውን አወለቁ።

“ልጄ፣ ምራቅ ወደ አፍሽ የምታመጣ ቀጭን ቱቦ አለች። በስቡ አጠገብ ነው የምታልፈው። ቆርጠዋታል። ፊትሽን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ተጎድቷል። በዚያ ላይ አመርቅዟል።”

“ስቡስ ተመልሶ ይመጣል?” አለች እህቴ።

“አይመጣም። ያ ስብ ትርፍ አልነበረም። ዕድሜ ሲገፋ የሁላችንም ፊት ይከሳል፤ ያኔ እሱ ነበር የሚደግፍሽ።”

መግሉን አጠቡላት። ምራቁ ወደ አፏ እንዲወርድ ቀጭን ቱቦ ሰፍተውላት ፊቷን በፋሻ ጥብቅ አድርገው አሰሩት፤ ለሳምንታት በስትሮ ሾርባ እየሳበች፣ ሳትናገር፣ በወረቀት እየጻፈች ከረመች። የምራቁ ቀዳዳ ተዘጋ። የከንፈሯ ጫፍ ግን ዛሬም ከቀኙ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ጉንጮቿ ደግሞ ገብተው የአጥንቷ ቅርፅ ይታያል። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም።

ለሚመለከታቸው ሰዎች አመለከትን። መጥተው የኋላውን ክፍል አሸጉ። ወጣቱ ሐኪም ሳይሆን ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ ቤት ተላላኪ የነበረ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው፤ እሱ ግን ከከተማው ወጥቷል። ባለ ሳሎኗ የእህቴን ቪዲዮ ከገጿ ላይ ያጠፋችው ብዙ ሰው ካየው በኋላ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። “ዋው”፣ “አድራሻ እባክሽ”፣ “እኔም እፈልጋለሁ” ይላል።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የእናታችን የዕድር ጓደኛ አስቆመችን። የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

“ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል! ፊትሽ ወጣ እኮ! ምን ተጠቅመሽ ነው?”

“ታምሜ ነው፣ እትዬ” አለቻት እህቴ።

“ምነው እኔንም ባመመኝ!” ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እናታችን ጥላዋን ዘርግታ ቀድማን ሄደች። እኔ መንገዱ ላይ መትፋት ነው ያማረኝ።

“በሆቴሉም እንዲሁ ነው የሚሉኝ” አለችኝ እህቴ፣ ባጃጅ ስንጠብቅ።

“ምን ትያቸዋለሽ?”

“እንግዳ ናቸው፤ አመሰግናለሁ እላለሁ” አለች። “ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አፌን እጉመጠመጣለሁ።”