የሰባት ቤት ድሪቶ

ደብረ ታቦር ላይ የእኔን ሥራ ንግድ ብሎ የሚጠራው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው «እራፊ ለቃሚው» ነበር የሚለኝ። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ከመኪናቸው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ፣ የእጅጌውን ትርፍ፣ የኪሱን ትርፍ፣ ተበላሽቶ የተጣለውን ኮሌታ በጆንያ እሰበስባለሁ። ሰፋ ሰፋ ያለውን ለገበሬ ቁምጣ መጣፊያ ብዬ እብናት አወርደዋለሁ። ደቃቁን ሐሙሲት ላይ ለኮርቻ መሙያ እሸጠዋለሁ። ከሁለቱም የተረፈው፣ ሰውም አህያም የናቀው፣ ወደ ቤት ይገባል። ቤት አማቴ አሉ።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ሥራቸው ድሪቶ ነው። የዛሬ ሰው ድሪቶ ሲባል የለማኝ ልብስ ነው የሚታየው። የእሳቸው እንደዚያ አልነበረም። መዳፍ የሚያህል እራፊ ከእራፊ ያጋጥማሉ፣ ከሥሩ ያረጀ ጋቢ ገበር ያደርጉበታል፣ ሦስት ዙር ይሰፉታል። ከዚያ በኋላ የጉና ብርድ እሱን አልፎ ሰው ጋ አይደርስም።

ታዲያ ሕግ ነበራቸው። ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት እራፊዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ጎን ለጎን አይሰፉም። ሰው ሲዳር ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ በእነሱም መካከል ሰባት ባዳ እራፊ መግባት አለበት። አማቴ እግራቸውን ዘርግተው በጣታቸው ሲቆጥሩ ያያቸው ሰው የደጃዝማች ልጅ የሚድሩ ይመስለው ነበር።

«ይኸ ሰማያዊ የማን ነው?» ይሉኛል።

«የአስተማሪው ሱሪ ትርፍ ነው እማማ።»

«እህቱ እዚያ ጋ ገብታለች። አራት ቤት ነው ያላቸው። ውሰድልኝ፣ ነውር ነው።»

የምናወራው ስለ ጨርቅ ነው።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ባረገዘችበት ዓመት አማቴ ለሚወለደው ልጅ ብርድ ልብስ ጀመሩ። ለልጅ ቀይ ያስፈልጋል አሉ። ቀይ ከየት ይምጣ? በዚያ ዘመን ቀይ ጨርቅ የሚለብሱት ግንብና አጥር ብቻ ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ቀበሌው አዲስ ቀይ ጨርቅ አምጥቶ በነጭ ቀለም መፈክር ያስጽፍበታል፣ ይሰቅለዋል። በዓሉ ሲያልፍ ይወርድና መጋዘን ይገባል። መጋዘን ውስጥ አይጥ ይበላዋል። አይጧን ግን ፀረ-አብዮት ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከመጋዘኑ ዘበኛ ጋር ተነጋገርን። እኔ አንድ ደህና ፋኖስ ሰጠሁት፣ እሱ በገመድ የታሰረ አንድ ጥቅል ሰጠኝ። ሳልፈታው ወስጄ አማቴ ጭን ላይ ጣልኩትና ወደ እብናት ወረድኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በጨው ጆንያና በሱቅ በር ላይ ቢሆንም ማንበብ እችል ነበር። ግን ድሪቶ የሚያነብ ማን አለ?

አማቴም ተምረው ነበር፤ በወረቀት። ቀበሌያችን አንድም መሃይም አልቀረም ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ እሳቸውም የምስክር ወረቀት ደርሷቸዋል። ትምህርቱን የተከታተሉት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጀ ጠባብ ሲጠቅሙ ነው። ከዚያ ሁሉ ወር ይዘው የተመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊደል እግር አለው፣ እግሩም ወደ ታች ነው።

ጥቅሉን ሲፈቱት ግን ደስ አላቸው።

«ሐረግ አለበት!» አሏት ልጃቸውን። ባላቸው ደብተራ ነበሩና፣ በብራና መጽሐፍ ራስ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ያውቃሉ። ሐረግ መሀሉ አይቆረጥም። ስለዚህ መቀሱን ቃልና ቃል መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ እያሳለፉ፣ እያንዳንዱን ቃል ሙሉውን አወጡት። ቃላቱን እግራቸውን ወደ ታች አቆሟቸው። ከዚያ ዘመድ ይቆጥሩ ጀመር።

ድሪቶው አልቆ፣ ታጥቦ፣ አጥር ላይ በተሰጣበት ማክሰኞ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ለአብዮት በዓል የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ይደረግ ተብሎ ነበርና ከየቤቱ ዕቃ ይመዘግብ ነበር። አዲስ የካኪ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ልብሱን የሰፋው ሰውዬ ሱሪውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ እንደሰፋው አውቃለሁ፤ የመቀመጫው ትርፍ እኔ ጆንያ ውስጥ ነበር።

«ጓድ እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ድሪቶ ነዋ።»

«ድሪቶ አይባልም! ይኼ የሰፊው ሕዝብ የእጅ ጥበብ ውጤት ነው።»

«እሺ፤ ሲቀደድ ግን ድሪቶ ነው የሚሆነው።»

ሊቀመንበሩ አልሰማቸውም። ቀዩንና ነጩን ጽሑፍ አይቶ ዓይኑ በርቷል። «የአብዮቱ ቃል በብርድ ልብስ ላይ!» አለ። ጣቱን ከፊደል ፊደል እየጎተተ አንዱን ቃል አነበበ። «አ...ብ...ዮ...ታ...ችን!» አለና ላቡን ጠረገ። አንዱ በቃው። ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ከኋላው ቆሜ ቀጥሎ ያለውን ቃል አነበብኩት።

«ይውደም» ይላል።

አብዮታችን ይውደም። በነጭ ቀለም፣ ስንዝር በሚያክል ፊደል፣ በእኔ አጥር ላይ። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ቃል ሰው የሚጠየቀው በደብዳቤ አልነበረም። የሚጠየቁት ደግሞ እኔ ብቻ ሳልሆን፣ መርፌውን ያንቀሳቀሱት አሮጊትም ጭምር ነበሩ።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «አብዮታችን ይለምልም» የሚለው ከአንድ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። «ይውደም» ከሌላ ጨርቅ ነው፣ ባዳ ነው። ጋብቻው ሕጋዊ ነበር።

«ሐሙስ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ ሊቀመንበሩ። «ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል። ፊት ለፊት ነው የሚሰቀለው።»

ለአማቴ እውነቱን መንገር አልቻልኩም። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ወሬ አያድርባቸውም። ጧት ብነግራቸው ቅዳሴ ሳያልቅ ቄሱም ዲያቆኑም ያውቁታል። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ገባሁ።

«እማማ፣ ይችን አንዲት እራፊ» አልኩ «ይውደም»ን እያሳየሁ፣ «ነቅለው እዚያች ጽሑፍ የሌላት ቀይ ጋ ቢያዛውሩልኝስ?»

ጣታቸውን አወጡና ቆጠሩ። «ከዚያችኛዋ ጎን? ወንድምና እህት ላጋባ? ለሚወለደው ልጅ?»

«ጨርቅ ነው እኮ እማማ።»

«ጨርቅ ከሆነ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

ሐሙሲት ላይ የኮርቻ ሰፊ አሸንፎኝ አያውቅም። እዚህ ግን ተረታሁ።

«እሺ፣ አይነቀል። ከላይዋ ሌላ ይደረብባት።»

«ምን ሆነች?»

«ቀይና ቀይ ተጠጋግቶ ዓይን ይወጋል።»

«ዓይንህን ወግቶት አያውቅም። በምን ትደረብ?»

ጆንያው ውስጥ ገብቼ የመጣልኝን መዘዝኩ። ካኪ ነው።

«የማን ነው?»

«የሊቀመንበሩ ሱሪ ትርፍ። የመቀመጫው።»

አማቴ ካኪውን ገለባበጡት። ድሪቶው ላይ ካኪ የሚባል ዘር የለም፤ ጥርት ያለ ባዳ ነው። ሕጉ ፈቀደ። ግን አልተነሱም።

«ልጅ የሚተኛበት ራስጌ ላይ የሰው መቀመጫ ልሰፋ ነው?»

«ሊቀመንበሩ ደስ ይለዋል።»

«እንዲያ ከሆነ እግዜር ይይለት» ብለው መርፌ አነሱ። «ይውደም» በካኪ ታሽጎ ተዘጋ። ረቡዕን እፎይ ብዬ ዋልኩ። የሁለት ጨርቅ ነገር መሆኑን፣ ሠርግ ደግሞ ከሁለት ወገን መሆኑን ረሳሁት።

በበዓሉ ቀን አማቴ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው የቀበሌው አዳራሽ ሄድን። ሞሰብ አለ፣ ገንቦ አለ፣ የተወለወለ ሞፈር አለ። ፊት ለፊት፣ ከአዲሱ ቀይ መፈክር ሥር፣ የእኛ ድሪቶ ተሰቅሏል። አማቴ ገና ከበሩ ላይ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«ዘቅዝቀውታል!»

እውነታቸውን ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ ነበር የሰቀለው። አዳራሹ ውስጥ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሞልቶ፣ አንድም ሰው ዘቅዝቆ መሰቀሉን አላወቀም። ወይም ያወቀ አልተናገረም።

አንገቴን አጣምሜ አየሁት። ካኪው እታች በኩል በደህና ተቀምጧል። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ለካ «ይለምልም» ወንድሟን ስላላገባች ቆማ አልቀረችም። ድረዋታል። ለ«ኢምፔሪያሊዝም»።

ኢምፔሪያሊዝም ይለምልም። እግሩን ሰቅሎ።

«ንገራቸው እንጂ!» ይላሉ አማቴ። «እግሩ ወደ ላይ ነው!»

«ዝም ይበሉ እማማ፣ እንዲህም ያምራል።»

«የእኔ ሥራ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ ያምራል?»

እንግዳው ገባ። መነጽር ያደረገ ወጣት ባለሥልጣን ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ እየመራ ሞሰቡን አሳየ፣ ገንቦውን አሳየ፣ ድሪቶው ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጓድ፣ ይኼ የሰፊው ሕዝብ የእጅ ጥበብ ውጤት ነው!»

«ይቺ ካኪ ምንድን ናት?» አለ እንግዳው።

ሊቀመንበሩ አልተዘጋጀም ነበር። «እሷማ... የሠራተኛውን መደብ ትወክላለች!» አለ።

ሳላስበው ዓይኔ ወደ ሱሪው ሄደ።

በዚህ መሀል ክንዴ ቀለለኝ። አማቴ ለቀውኝ ሄደው እንግዳው ፊት ቆመዋል። «ጌታው፣ ዘቅዝቀውብኛል። ያቃኑልኝ።»



«ምን ተዘቀዘቀ? ጽሑፉ በደንብ ይነበባል!» አለ ሊቀመንበሩ።

እንግዳው አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ቀስ እያለ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መስመር በመስመር ሄደ። አንድ ቦታ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። ተመልሶ አነበበ። ከዚያ አማቴን አየ፤ ነጭ ቀሚስ፣ ጥርስ ያለቀበት አፍ፣ የተቆጣ ፊት። ሊቀመንበሩን አየ። በሩ ላይ ያለውን ሰው አየ። እኔ በዚህ ጊዜ ገንቦ ብሆን ደስ ባለኝ።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ለማን ነው የሠሩት እማማ?»

«ለሚወለደው የልጅ ልጄ።»

«ጥሩ። እንዲሁ ይቆይ። ማንም እንዳያቃናው። ዛሬውኑ ደግሞ ወደ ቤታቸው ይመለስ፤ ለሕፃን የተሠራ ነገር አዳራሽ ውስጥ አያድርም።»

ሊቀመንበሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «እንዳይቃና» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ፈጀበት። እንግዳው ሲወጣ አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለ።

«ጨርቁን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ።»

«ማንበብ ትችላለህ?»

«እንደ ነገሩ።»

«እንግዲያ ሳታነብ አትነግድ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ቤት ገብተን በሩን ዘግቼ ሁለቱንም ቃል በሹክሹክታ ለአማቴ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ስል፣ ድሪቶውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቆጠራ ያዙ። ደጋግመው ቆጠሩ።

«ሰባት ቤት ጠብቄያለሁ?»

«ጠብቀዋል።»

«እንግዲያ እኔ በደንብ ነው የዳርኩት። ቃሉን የጻፉት ይጠየቁ።»

«ይችኛዋንም በካኪ እንሸፍናት እማማ።»

«አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ሂድና ከሊቀመንበሩ ላይ ቁረጥ።»

ስለዚህ ገለበጥነው። ገበሩ ወደ ሰው፣ ጽሑፉ ወደ ልጅ ሆነ። ልጃችን ያንን ሁሉ ቃል ደረቱ ላይ ለጥፎ እንቅልፉን ይለጥጥ ጀመር። ባለቤቴ አራስ ቤት ሳለች ሊቀመንበሩ ሊጠይቅ መጥቶ ጥበቡን በዓይኑ ፈለገ፤ ያየው ያረጀ ጋቢ ነው።

«ለምን ገለበጣችሁት?» አለ ቅር ብሎት።

እኔ መልስ ስፈልግ አማቴ ቀደሙኝ።

«እንዳይቃና ብለህ የጻፍክ አንተው አይደለህ?»