የእሁዱ ፊልምና አከራዮቼ

አሰላ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤቶች ሐጂ ቃሲምና ሚስታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው። ከተጋቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲል፣ አዴ ፋጡማ ጠሩኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ ቴሌቪዥን ላይ የጀመረውን የድሮ ዘመን የፍቅር ፊልም እንድተረጉምላቸው ፈልገው ነው።

ሐጂ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ እናቷ የመረጡላትን ሀብታም አላገባም ብላ ቤቱን አውካለች። መጨረሻ ላይ የምትወደው ሰውዬ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ።

«ምን አላት?» አሉኝ አዴ ፋጡማ።

ሐጂ ባሉበት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት አሳፍሮኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ታገቢኛለሽ ወይ ነው የሚላት።»

«እሷን ነው የሚጠይቀው? አባቷን አይደለም?»

«እሷን ነው።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ ቀስ ብለው። «የሐጂን ፊት እንኳን ያየሁት ከአገሬ ከጢቾ ካመጡኝ በኋላ ነው።»

ሰበብ ፈልጌ ልነሳ ስል፣ ለካ ሐጂ አልተኙም ኖሯል። ጋቢውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና ወደ ሚስታቸው ዞረው በኦሮምኛ «ፋጡማ፣ ታገቢኛለሽ?» አሏቸው።

አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ላስብበት» አሉ።

ይኸው ሳምንት ሊሞላው ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሐጂ በሩ ላይ ጠበቁኝና «ልጄ፣ ላንቺ ምንም አላለችሽም?» ብለው ጠየቁኝ።